ማታ የተወለደ ቃል

ጎንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሐብተ ማርያም ኃይለ ጊዮርጊስ፤ ሃኖቨር፣ ጀርመን አገር

ጤናህ እንደምን ነው? እኛ በቸርነቱ አለን። ደብዳቤህ ከገባ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ያዘገየኝ የወረቀት እጦት አይደለም፤ ለጠየቅኸኝ ነገር ሸጋ መልስ አጥቼ ነው።

“አባባ ስሜን ያነሣሉ ወይ?” ብለሃል። አያነሡም። ከሄድክ አምስተኛው ዓመት ተያዘ፤ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። “ይህን ያህል ምን አስከፋቸው?” ላልከው፣ የመንግሥትን ፈተና ማለፍህም ባሕር መሻገርህም አይደለም። “ማክሰኝት ገበያ በቅሎ አይቼ ነገ እመለሳለሁ” ብለህ መውጣትህ ነው። አንተ አታውቅም እንጂ፣ ነገ ባልካት ቀን ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው የቅኔ ወንበራቸውን ሊያወርሱህ ቆርጠው ነበር። ለእኔም የነገሩኝ የዚያኑ ዕለት ነው። አዲሱን ጋቢ ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። በማግሥቱም ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አጎታችን አያ ውዱ እህል ሸጦ ከማክሰኝት ሲመለስ፣ “ሐብቴን ያዲሳባ ማኪና ላይ ሲወጣ አየሁት” አለ። አባባ ምንም አልመለሱም። ተነሥተው ገቡ፤ ተማሪዎቹን “ግሳችሁን ቀጥሉ” አሏቸው። እስካሁን የቆየው ያ ዝምታ ነው።

ጤንነታቸው ደኅና ነው። ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። ደብዳቤህን ደጅ ተቀምጬ ለአያ ውዱ አነብለት ነበር። ከግርጌው “እዚህ ነገን ሞርገን ይሉታል፣ ማለዳንም ሞርገን ይሉታል፣ አበሳዬን አየሁ” ያልከው ጋ ስደርስ ከውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ።

“ምንድን ነው ያልሽው?”

ደነገጥኩ። “ሞርገን፣ አባባ። ማለዳም ነው፣ ነገም ነው ይላል።”

“የማን ቋንቋ ነው?”

“የጀርመን።”

ማን እንደ ጻፈው አልጠየቁም። ቆይተው፣ “ታዲያ እንዴት ይለዩታል?” አሉ። እኔ ምን አውቄ! አያ ውዱ በክርኑ ጎሸመኝና “ጻፊለት እንጂ! ምነው ትቀመጫለሽ?” አለኝ።

ስለዚህ የዚህን ቃል ነገር የምታውቀውን ሁሉ ጻፍልኝ። ስለ ራስህ ብትጽፍ አይሰሙህም። ስለ ቃል ብትጽፍ ግን አባታችን ጆሯቸውን መግታት አይችሉም።

እታለምህ አመተ ሥላሴ


ሃኖቨር፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1949 ዓ.ም.

እታለሜ አመተ ሥላሴ፣

የወንበሩን ነገር ሳነብ ደብዳቤሽን አጥፌ ከቤት ወጣሁ፤ በበረዶው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል ዋልኩ። አላውቅም ነበር። ባውቅስ እቀር ነበር? እውነቱን ብነግራቸው አይሆንም እንደሚሉኝ፣ አይሆንም ካሉኝ ደግሞ እግሬ እንደማይነሣ አውቅ ነበር። ስለዚህ “ነገ” አልኳቸው። ከዚህ የቀለለ ውሸት የለም።

ስለ ራስህ አትጻፍ ብለሽኛልና ወደ ቃሉ ልግባ።

እዚህ በደረስኩ ሰሞን የመኖሪያ ፈቃድ ላወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው በመስኮቱ ብቅ ብሎ ወረቀቴን አየና “ሞርገን” አለኝ። ሰላምታቸውም ይኸው ቃል ስለሆነ ሰላም ያለኝ መሰለኝ። ባርኔጣዬን አንሥቼ “ሞርገን” አልኩት። ራሱን ነቅንቆ መስኮቱን ዘጋ። ቆሜ ጠበቅሁ። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እኔ እዚያው ነኝ። በመጨረሻ ወለል የምትጠርግ አንዲት ሴትዮ አዘነችልኝና ፀሐይዋ ስትጠልቅ፣ ከዚያ ደግሞ ስትወጣ በእጇ ሠርታ አሳየችኝ። ለካ ሰውየው “ነገ ና” ነው ያለኝ! የአራዳው ጎረቤታችን ልጅ ዳኛው እዚህ አብሮኝ ይማራል፤ እስካሁን ድረስ ባየኝ ቁጥር ባርኔጣውን ያነሣልኛል።

እንዴት እንደሚለዩት ለጠየቅሽኝ፣ አገባቡ ነው የሚለየው። “ነገ ጠዋት” ማለት ሲፈልጉ “ሞርገን ሞርገን” አይሉም፤ “ሞርገን ፍሩህ” ይላሉ፤ “ነገ በጊዜ” እንደ ማለት ነው። ጎረቤቶቻቸው ሆላንዶችም ቃላቸው ይኸው ነው። ስዊድኖች “ሞሮን” ይሉታል። እንግሊዞች ለሁለት ከፍለውታል፤ ማለዳውን “ሞርኒንግ”፣ ነገን “ቱሞሮው” ይላሉ፤ ሥሩ ግን አንድ ነው።

ደግሞ ለአያ ውዱ ንገሪው። እኔ እዚህ የምማረው የመሬት ቅየሳ ነው፤ በድሮ መዝገብ ላይ ባላገሩ መሬቱን የሚቆጥረው በሞርገን ነው። አንድ ሞርገን ማለት አንድ ጥማድ በሬ ከማለዳ ተነሥቶ እስኪፈታ የሚያርሰው ነው። አያ ውዱ የወገራውን መሬታችንን በጥማድ እንደሚቆጥረው መሆኑ ነው። ያንዱ አውራጃ ሞርገን ከሌላው አይገጥምም፤ በሬውም አፈሩም ይለያያላ።

የአባባ ዓይን “ትንሽ” ደክሟል ያልሽው ምን ያህል ነው? ያንቺን “ትንሽ” ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ የዳባት ሰው ላንቺ ሽማግሌ ላከ የሚባለውስ እውነት ነው?

ወንድምሽ ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ጥር 14 ቀን 1949 ዓ.ም.

ወንድሜ ሐብቴ፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰህ። “ትንሽ” ያልኩትን አላመንከኝም፤ ልክ ነህ። ካለፈው ፍልሰታ ጀምሮ ፊደል አይለዩም። ሰው የሚያውቁት በድምፁ ነው። ያልነገርኩህ ባሕር ማዶ ሆነህ ምን ታደርጋለህ ብዬ ነውና ይቅር በለኝ።

የሆነውን ስማ። ለአያ ውዱ የማነብ መስዬ ደጅ ተቀመጥኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። የራስህን ነገር ዘለልኩት። ባርኔጣህን ያነሣህበት ጋ ስደርስ ከውስጥ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። አባባ ናቸው፤ ሳቁ እልሃለሁ! ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡና “እንደገና አንብቢው” አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

“ይህ ሰው ሞኝ ነው” አሉ። “እኛ ዘንድ የሌለ መስሎት ይደነቃል። እኛስ ‘ነገ’ን ከየት አመጣነው? ‘ነግህ’ በግእዝ ምንድን ነው?”

“ማለዳ።”

“ከማለዳው ነው ነገን ያወጣነው። ‘ጌሠ’ስ?”

“ማልዶ ሄደ፤ ገሠገሠ።”

“ጌሠምስ?”

“ነገ።”

“አየሽ! ማልዶ ከመሄድ ነገ ወጣ። ለዚያ ሰው ጻፊለት፤ ከበሬ ጋር ማልዶ የሚነሣ ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ጀርመን ስለሆነ አይደለም በይው።”

አያ ውዱ ደስ ብሎት፣ “እኔስ ምን አልኩ! ቀኑን የሚቆጥረው በሬው ነው” አለ። “አንተ ደግሞ ዝም በል” አሉት፤ ግን ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

ስምህን አልጠሩም። “ያ ሰው” ነው ያሉህ። አራት ዓመት ሙሉ ግን “ያ ሰው”ም አልነበርክም።

አሁን የሚፈልጉት ሥሩን ነው። “ማለዳ ከመባሉ በፊት ምን ነበር? ቃል እንደ ሰው ነው፤ አባት አለው። ፈልጎ ያምጣ” ብለዋል።

የዳባቱ ሰው እውነት ነው። ዋኘው ይባላል፤ እንደኔው የትዳር አጋሩ የሞተበት ነው። አያ ውዱ “ሸጋ ሰው ነው፣ ሥራ ያውቃል” ይላል። አባባ “እስቲ እንቆይ” ብለዋል። እኔም ቆይቻለሁ።

አመተ ሥላሴ


ሃኖቨር፣ የካቲት 8 ቀን 1949 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ደብዳቤሽን ይዤ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው የሮጥኩት። ሳቁ ያልሽኝን ግን መንገድ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የቃሉን አባት ላገኘው ሞከርኩ። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ጀርመኑም እንግሊዙም ስዊድኑም ገና ሳይለያዩ፣ አንድ ሕዝብ ሳሉ ቃሉ ነበራቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ሲሄዱ ግን እርግጠኛ አይደሉም። የጥንቱ ሥር ብልጭ ብልጭ ማለትን የሚነካ ነው የሚሉ አሉ፤ መጨለምን የሚነካ ነው የሚሉም አሉ። ምናልባት ሁለቱም ነው፤ ጨለማው ሳይለቅ ብርሃኑ ሳይገባ ያለችውን ድንግዝግዝ ማለት ነው። “ነገ” የሆነውም ሰው አመሻሽ ላይ “በማለዳ እንገናኝ” ሲል፣ ያ ማለዳ የሚቀጥለው ቀን ስለሆነ ነው። እየዋለ እያደረ ማለዳውን ትቶ ቀኑን ሁሉ ያዘ። ይህን ንገሪያቸው፤ ካጠፋሁ ያርሙኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አስገርሞኛል። “ጌሠ”ን የጻፍሽው በንጉሡ “ሠ” ነው። ልክ ነው፤ ግን የደብሩ ጸሐፊዎች እንኳ ይስቱታል። ማን ነው ያሳየሽ? ግሱንስ መቼ ተማርሽ?

አሁን የምጠይቅሽን ሳታድበሰብሺ መልሽልኝ። ይቅር ብለውኛል ወይ? “ይምጣ” ብለዋል ወይ? ሌላ ቃል አልፈልግም። ትምህርት ክፍል ተቀምጬ ልቤ ፖስታ ቤት ነው። ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልም፤ ብነሣም የምሄድበት የለኝም።

ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ መጋቢት 3 ቀን 1949 ዓ.ም.

ወንድሜ ሐብተ ማርያም፣

ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ይህን የምጽፈው በችኮላ ነውና ማጠሬን አትቀየመው።

ግሱን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው፤ ተቀምጠው “ላስተምርሽ” ብለው ግን አይደለም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጽሐፉን ይዤ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ስሳሳት ያርሙኛል። እንዲሁ ስንል ሦስቱን የግስ ክፍል ዘለቅሁ። አሁን ጀማሪዎቹን የማስቆጥራቸው እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ።

ስለ ሥሩ የጻፍከውን እንደገና አስነበቡኝ። ከዚያ፣ “ይህ ቃል ማታ የተወለደ ነው” አሉ። “ጠዋት ላይ ሆኖ ነገን የሚያስብ ማን ነው? የመሸበት ሰው ነው ‘ሲነጋ’ ያለው” አሉ።

ይቅር ብለውኛል ወይ ላልከው፣ እስካሁን ያሉት የለም። ባሉ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

አመተ ሥላሴ


ጎንደር፣ ግንቦት 2 ቀን 1949 ዓ.ም.

ለወንድማችን ለዳኛው፣ ሃኖቨር

ይህ ደብዳቤ በስምህ ሲመጣ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። የአራዳ ልጅ ነህና ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።

አባታችን የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ዐረፉ። ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ ትኩሳት ይዟቸው ነበር። ሐብተ ማርያም አያውቅም። መርዶ በወረቀት ማርዳት በእኛ ነውር ነው። ስለዚህ ያገራችሁን ልጆች ሰብስበህ፣ እንደ ወጋችን ሳይወጣ በማለዳ ቤቱ ደርሳችሁ አርዱት። ብቻውን እንዳትተወው። በሰባተኛው ቀን ምን እንዳለ፣ እህል እንደ ቀመሰ ጻፍልኝ።

ከእኔ ሌላ ደብዳቤ ይመጣለታል በለው። የዘገየው በኔ ጥፋት ነው በለው።

አመተ ሥላሴ


ጎንደር፣ ግንቦት 25 ቀን 1949 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጥናህ። ዳኛው ጽፎልኛል። ሦስት ቀን አለመናገርህን፣ በአራተኛው ቀን “ምንም ሳይሉኝ ሄዱ” ብለህ መጮህህን ነገረኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳልቀደው ልጨርሰው።

ምንም ሳይሉህ አልሄዱም።

በመጋቢት የጻፍኩልህ ንግግራቸው ግማሹ ነው። “የመሸበት ሰው ነው ‘ሲነጋ’ ያለው” ብለው አላቆሙም። እጄን ፈልገው ያዙኝና እንዲህ አሉ፦ “ሐብተ ማርያም ነገ ብሎ ወጣ። ዋሸኝ ብዬ ኖርኩ። አሁን ሳስበው አልዋሸም፤ ገና አልነጋለት ይሆናል። ይምጣ በይው። ወንበሩ አለ።” ስምህን ጠሩ፣ ሐብቴ። አራት ዓመት ከአፋቸው ያልወጣውን ስም ሙሉውን ጠሩት።

እኔ ግን “ያሉት የለም” ብዬ ጻፍኩልህ።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ምሕረት ለማግኘት ሳይሆን እንድታውቀው ነው። ዓይናቸው የሆንኩት እኔ ነኝ። ጀማሪዎቹን የማስቆጥረው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ስሠራ አንድ ቀን “ጎሽ” ብለውኝ አያውቁም። አንተ ከባሕር ማዶ አንዲት ቃል ብትልክ ሳቁ፣ ተነሥተው ወጡ፣ “ወንበሩ አለ” አሉ። አንተ ስትመጣ እኔ ወደ ዳባት መሸኘቴ አይቀርም። መጽሐፉን ዘግቼ ሊጥ ላቦካ ነው። ይህ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ቃላቸውን ላስቀረው ብዬ አልነበረም፤ ጥቂት ላቆየው ብዬ ነው። ዛሬ ልጻፍ ስል “ነገ” እላለሁ። በማግሥቱም “ነገ” እላለሁ። ጾሙ በዚህ አለቀ። እሳቸው “ጻፍሽለት ወይ?” ይሉኛል፣ “አዎ አባባ” እላቸዋለሁ። “ምን አለ?” ይሉኛል፣ “መልሱ መንገድ ላይ ነው” እላቸዋለሁ። በታመሙ በሦስተኛው ቀን የማኪና ድምፅ ሲሰሙ “እስቲ እዪ” ብለው ላኩኝ። ወጥቼ ቆምኩ። ጭነት ማኪና ነበር። ስመለስ “አይደለም?” አሉ። “አይደለም” አልኳቸው። ያን ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ቀኖና ሰጡኝ። “ከወንድምሽ ግን ራስሽ ታረቂ” አሉኝ። ባትመልስልኝ አልቀየምህም።

አመተ ሥላሴ


ሃኖቨር፣ ሰኔ 20 ቀን 1949 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠላሁሽ። ይህን ብደብቅሽ እንደገና መዋሸት ነው። የጻፍኩልሽ ስድብ ነበር፤ ዳኛው ከእጄ ነጥቆ ቀደደው።

ከዚያ በኋላ ግን ዳኛው ጠየቀኝ። “ይምጣ መባሉን በመጋቢት ብትሰማ ኖሮ ትሄድ ነበር ወይ?” አለኝ። “ምን ጥያቄ ነው!” ብዬ ጮህኩበት። ዳኛው የሚያውቀውን አንቺ አታውቂም፤ አሁን እወቂው።

ትምህርቴን የጨረስኩት አምና ነው። የመመለሻዬን የመርከብ ወረቀት መንግሥት ከላከልኝ ዘጠኝ ወሩ ነው። ትምህርት ክፍል ተቀምጬ ያልኩሽ ውሸት ነበር፤ የምሠራው አንድ የቅየሳ ቢሮ ውስጥ ነው። ያስቀረኝ ኤልዛ የምትባል የዚህ አገር ልጅ ናት። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። ሴት ልጅ አለችን፤ ወለላ ብያታለሁ። አንድ ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። አልተጠመቀችም። ለአባባ ምን ብዬ ልጻፍ? ቄስ ያልባረከው ጋብቻ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ! ስለዚህ የአባባን “ይምጣ” እንደ ምክንያት ያዝኩት። ካልጠሩኝ እንዴት እመጣለሁ እያልኩ ተቀመጥኩ። አባቱ ቤት ለመግባት ጥሪ የሚጠብቅ ልጅ አለ ወይ? ሳልጠራ መምጣት ነበረብኝ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቢያባርሩኝ እንኳ ድምፄን ይሰሙ ነበር።

አንቺ አንድ ጾም አቆየሽብኝ። እኔ አራት ዓመት አቆየሁባቸው። ስለዚህ ከኔ የምትፈልጊው ይቅርታ ይህ ከሆነ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ታውቂዋለሽ። ያልሽውን ቅናት ግን አልፈርድበትም። አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ “ጎሽ” ያጣሽውን እኔ ከሩቅ በአንዲት ቃል ወሰድኩት። እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር።

ወንበሩን አልፈልግም። ግሱን ረስቼዋለሁ፤ ቅኔማ ገና ድሮ ጠፍቶኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔም የሸሸሁት ከሱ ነው። አንቺን ወደ ዳባት የሚልክ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገር፤ ለአያ ውዱ በዚህ ፖስታ ጽፌለታለሁ፤ አንብቢለት።

መምጣት እፈልጋለሁ። ግን ከነማን ጋር ልምጣ? ሰዉ ምን ይላል? ብቻዬን ልምጣና መቃብሩን አይቼ ልመለስ ወይ? ይህን የማማክረው ሌላ ሰው የለኝም።

ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ሐምሌ 18 ቀን 1949 ዓ.ም.

ወንድሜ ሐብቴ፣

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፤ ጨርሼ ነው የተቀመጥኩት። ስለ ይቅርታው ምንም አልልም። በቃል የሚሆን አይደለም።

ለአያ ውዱ የጻፍከውን አነበብኩለት። “ምነው እኔ ላስገድዳት ነበር እንዴ!” ብሎ ተቆጣ። ቀዝቀዝ ሲል ግን “ዋኘው እንደሆነ ለግንቦት ልደታ ሌላ አግብቷል” አለኝና ስቀን አበቃ። የልጅህን ነገር ስነግረው ተነሥቶ ጋቢውን አጣፋ፤ “የወንድሜ የልጅ ልጅ!” አለ፤ ከዚያ አለቀሰ።

ወንበሩ ለመሪጌታ ክንዱ ተሰጠ። የደብሩ ሰዎች ሲወስኑ እኔን የጠየቀ የለም፤ ልጠየቅም አልጠበቅሁም። መጽሐፎቹን ሊወስድ መጣ። አውጥቼ አስረከብኩት። አንዱን ከፍቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመና ዳር የተጻፈውን እርማት አየ፤ የእኔ ጽሕፈት ነው። “ይህን ያረመ ማን ነው?” አለ። “እኔ ነኝ” አልኩ። ጓዳ አልገባሁም። አንድ የግስ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ሌላ ጠየቀኝ፤ መለስኩ። መጽሐፉን ዘግቶ በእጄ መለሰልኝና፣ “እኔ ቅኔውን አስነግራለሁ። ግሱን ካንቺ ዘንድ ይማሩ፤ ለሚጠይቅሽ እኔ አዝዤ ነው በይ” አለ። ሰኞ ዘጠኝ ሆነው መጡ። ሁለቱ ሴት አታስተምረንም ብለው ሄዱ። ሰባቱ ተቀምጠዋል።

ሰዉ ምን ይላል ላልከው፣ ይላል። ሁለት ወር ይላል፤ ሲደክመው ይተዋል። በእኔም ላይ እያለ ነው። የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው፤ “ሕፃኗን ይዞ ይምጣ፣ እናትየዋ ከፈቀደች የጥምቀቱን ነገር አብረን እናያለን” ብለዋል።

ብቻህን አትምጣ። ኤልዛንም ወለላንም ይዘህ ና። መርከቡ ምጽዋ ሲያደርሳችሁ ከአሥመራ ቴሌግራም ምታ፤ አያ ውዱ በሁለት በቅሎ፣ እኔ በእግሬ መንገዱ ድረስ እንወጣለን። ክረምቱ ካለፈ ሊማሊሞ አያስቸግርም።

ልጅቷ አማርኛ አለማወቋ አያስጨንቅህ። ይህ ቤት ማስተማር የለመደ ቤት ነው።

እታለምህ አመተ ሥላሴ